የሐሙስ ጉርሻ

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ነጠላ ገዢ መስለው ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጥለቱን በጣቱ እያሻሸ "ቀለሙ አይለቅም?" አለኝ። አይለቅም አልኩት። ዋጋ ተከራከረኝ። ፋሲካ እየተቃረበ ስለነበር ሸማ ተራ በሰው ተጨናንቋል፤ እኔም ገዢ እንዳያመልጠኝ ቀነስኩለት፣ ደግሞ ቀነስኩለት። አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ስከተው ጠጋ ብሎ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ ብዙ አትቆይም" አለኝ። ነጠላውን አልገዛም። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ ላይገዛ ያን ያህል ማስቀነሱ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥፋቴ አስተያየት መስጠት ነበር። ወረዳው እኛን ነጋዴዎችን ስለ ሱቆቻችን ጉዳይ ሰብስቦ "በነፃነት ሐሳባችሁን ግለጹ" አለን። ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ኖሬ እንዲህ ዓይነቱን ግብዣ ማመን አልነበረብኝም። እጄን አወጣሁና የሚሰማኝን ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ኖሮ ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ሰባተኛ ሰፈር፣ ቤቴ ደረሰ። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ይዛ "ዝም አይነቅዝም ስልህ ኖሬ!" አለች። እውነቷን ነው፣ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የታሰርኩበት ጣቢያ እዚያው መርካቶ ውስጥ ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጫማ ነው። ሸበጥ፣ ስኒከር፣ ተረከዙ የተረገጠ የቆዳ ጫማ በሩ ሥር ተደርድሯል። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ።

"ቤተ ክርስቲያን የገባ መሰለው" አለ አንዱ።

"መስጊድም ሲገባ ይወለቃል፤ ተውት" አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ።

አየሩ ላብና በረኪና ይሸታል። መሬቱ ላይ የተነጠፈው ፍራሽ እርስ በርሱ ተነካክቶ አንድ ሆኗል፤ የማን የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቁት የሚተኙበት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለእኔ የተሰጠኝ ቦታ የሽንቱ ባልዲ አጠገብ ነበር፤ አዲስ ገቢ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ፍርግርግ መስኮት አለች። የውጭውን አናይባትም፣ ግን መርካቶ በሙሉ በእሷ ይገባል። ተሸካሚዎች "ዘወር! ዘወር በል!" ይላሉ፤ ረዳቶች "ሰባተኛ! አውቶቡስ ተራ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ የአዛን ድምፅና የራጉኤል ድምፅ ማጉያ ተራ በተራ ይደርሱናል። ከበርበሬ በረንዳ በኩል ነፋስ የመጣ ቀን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያነጥሳል። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው "ይማርህ" ይላል፤ እሱ ሳይጨርስ ሌላው ያነጥሳል፤ በመጨረሻ ሳቅ ይሆናል። ውጭ ሳለሁ "ይማርህ" ማለት ልማድ ይመስለኝ ነበር እንጂ ጸሎት መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ ግን ሁላችንም ምሕረት የምንጠብቅ ሰዎች ስለነበርን ቃሉ ሲነገር ይሰማን ነበር።

ያን ጊዜ ከነበሩት ሰዎች ሦስቱን መንገር ይበቃኛል።

አንደኛው የክፍሉ አለቃ ነው፤ ካቦ እንለዋለን። ጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ እሱ ግን ሆደ ባሻ። ለቦታ ድልድሉም ለጽዳቱም ለጠቡም ዳኛው እሱ ነው። ከአፉ የማይለየው ተረት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ነበር። ሁለተኛው ያ ስለ ጫማዬ የተከራከሩልኝ ሽማግሌ፣ ሀጂ ናቸው። የስልጤ ሰው ናቸው፣ የጅምላ ነጋዴ። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ "የሚናገሩ ልጆች ወልጄ" ብለው ይስቃሉ። ሦስተኛው ከጎጃም የመጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ፣ ጠዋትና ማታ ጸሎት የሚያደርስልን፣ ቀጭንና ጥብቅ ሰው ነበር፤ እሱ ፊት ቀልድ ሲነገር ሰው ድምፁን ይቀንሳል።

ክፍሉ ሁለት የማይጣሱ ሕጎች ነበሩት። የመጀመሪያው የምግብ ነው። ከቤት የመጣ ምግብ የመጣለት ሰው ንብረት አይደለም፣ የማዕዱ ነው። ሁሉም መሀል ላይ ይቀርባል፣ ሁሉም ከዚያ ይበላል። በእኛ ጾም ሀጂ ቤታቸው ልከው ምስርና ጎመን ያስመጡ ነበር፤ "እናንተ እያያችሁኝ ሥጋው አይወርድልኝም" ይላሉ። ሁለተኛው ሕግ የመቀበል ነው። ከምርመራ የሚመለስን ሰው ሁሉም ተነሥቶ ተራ በተራ ይጨብጠዋል፣ "ፈጣሪ ያስፈታህ" ይለዋል፣ ሌላ ምንም አይጠይቀውም። ሰውየው እንዴት እንደዋለ ከእጁ ይታወቃል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውሃ ይሰጠዋል፤ የሚያም ከሆነ ጨባጩ ቀስ ብሎ ይለቀውና ለሚቀጥለው በዓይኑ ይነግረዋል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ እኛ ስንገባ ነበረ።

እንግዲህ በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ስሜ ተጠራ።

ኮሪደሩ ላይ ብዙ አስጠበቁኝ። ስገባ መርማሪው ወንበር አሳየኝ። ለመጨበጥ እጄን ስዘረጋ "ሕማማት ነው እኮ" ብሎ እጁን ሰበሰበ። አፈርኩ። በሕማማት ሰው አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፤ ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለሸጠ ያ ሳምንት ሰላምታ የለውም። መርማሪ ሥርዓት ሲያስታውሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሻይ ይምጣልህ?"

"ጾም ነኝ።"

"እኔም ነኝ፤ ለወጉ ነው" አለ። "ስብሰባው ላይ የተናገርከውን ማን አስጠናህ?"

"ማንም። አስተያየት ስጡ ተባለ፣ ሰጠሁ።"

"ክፍል ውስጥስ ምን ይወራል?"

"ስለ ምግብ።"

እውነቴን ነበር። በጾም ወቅት የእስረኛ ወሬ ከዶሮ ወጥ አይወጣም። መርማሪው አየኝ፣ ጻፈ፣ ደግሞ ጠየቀ፣ እኔም ያንኑ መለስኩ። በመጨረሻ "በል ሂድ፣ ስግደትህ እንዳያመልጥህ" አለኝ። ሳይነካኝ ለቀቀኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለእነዚያ ሰዎች ደህና ነኝ ለማለት ቸኩዬ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ማንም አልተነሣም፣ ማንም እጁን አልዘረጋም።

እኔ ምን አልኩ? በልቤ "ጎሽ!" አልኩ። እንደ ሥርዓቱ በሕማማት አይጨበጥማ! መርማሪው ፊት ባለማወቅ እጄን የዘረጋሁት ሰው፣ አሁን በወንድሞቼ ጨዋነት ኮራሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ እያልኩ እጅ ነሣሁ። ለካቦ ጎንበስ፤ ለመምህሩ ጎንበስ፤ ለሁሉም ፈገግ። አንዱም ቃል አልመለሰም። እሱንም ለሕማማቱ ኀዘን ሰጠሁት። እንዲያውም "ምነው እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ" ብዬ ፊቴን ሰበሰብኩ።

ከዚያ ሀጂ ጋ ደረስኩ። ሀጂ መቼም ሕማማት የለባቸውም። ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ነው የሚጨብጡኝ። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጃቸው ከፎጣቸው ሥር አልወጣም። ዓይናቸውን ወደ መስኮቷ አደረጉ።

የተዘረጋ እጅ መልሶ መሰብሰብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያን ቀን አወቅኩ።  ቦታዬ ሄጄ ስቀመጥ ከካቦ ራስጌ በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ አየሁት፤ ባዶ አፉን ከፍቷል።

ያ ቀዳዳ የካቦ ስልክ መደበቂያ ነበር። ትንሽ፣ የበቆሎ ፍሬ የምታህል ቁልፎች ያሏት ስልክ ናት። ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኖ የግድግዳ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ከክፍሉ ሰው በቀር ማንም አያውቀውም። የካቦ ሚስት እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ ገብቷል፤ ስለ እሷ የሚሰማው በዚያች ስልክ ብቻ ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ እኔ ምርመራ ላይ ሳለሁ ጠባቂዎቹ መጥተው፣ ሌላ ቦታ ሳይፈትሹ በቀጥታ ሳሙናውን ፈንቅለው ስልኳን ወስደዋታል። እኔ ደግሞ ሳልነካ፣ ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ።

እነሱን ብሆን እኔም ራሴን እጠረጥር ነበር። ያ ነው የባሰው።

"ካቦ" አልኩት ጠጋ ብዬ፣ "እኔ አይደለሁም።"

"እኔ ምን አልኩህ?"

"ምንም አላልክም።"

"በቃ" አለና ፊቱን አዞረ።

እንዲህ ከሚለኝ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተከሰሰ ሰው መልስ አለው፤ ዝም የተባለ ሰው ግን ምን መልስ አለው? እየጮኹ መማል ጥርጣሬውን ያብሳል፣ ዝም ማለትም እንደዚያው ነው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን ንጋት ራሱ በትንሿ መስኮት ተጣርቶ ነው የሚገባው።

ረቡዕ ቀን ብቻዬን ዋልኩ። ስግደት በተራ ነበር፣ ቦታው ስለማይበቃ ጥቂት ጥቂት ሆነን ነው "ኪርያላይሶን" የምንለው። የእኔ ተራ ሲደርስ አብሮኝ የሚሰግድ ጠፋ። ብቻዬን ሰገድኩ። መምህሩ በማታው ጸሎት ላይ "ከሐሰተኞች ወንድሞች ሰውረን" የምትል ነገር ጨመረ፤ ከዚያ በፊት ሲላት ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ዕለት የሚስቴ ሽሮ መሀል ላይ ቀረበ፣ እንደቀረበም ተነሣ። ከእሱ የቆረሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ ግን ማስነጠሱ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ መጣ። አንዱ አነጠሰ፣ "ይማርህ" ተባለ። ካቦ አነጠሰ፣ "ይማርህ" ተባለ። እኔ አነጠስኩ።

ዝም።

ፊቴን ወደ ባልዲው አዙሬ አለቀስኩ። በርበሬው ነው እንዲባልልኝ ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን ካህን እግር ያጥባል፤ መምህሩም በሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ የሁላችንንም እግር ሊያጥብ አስቦ ነበር። ውሃ ግን ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ውሃ በመጥፋቱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የእኔ እግር ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል እያልኩ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ጉልባን ይዛ መጣች። ስንዴውና ባቄላው አብሮ የተቀቀለ፣ ገና የሚሞቅ፣ በትልቁ የምሳ ዕቃ እስከ አፉ ሞልታዋለች። በሩ ላይ ጠባቂው እንደ ሕጉ "ቅመሺ" ብሏት ስትቅም ሰማኋት፤ "አንተም ቅመስ እንጂ፣ ሐሙስ ነው" ብላ ለእሱም ዘገነችለት። ሚስቴ እንዲህ ናት። "ለሁሉም ይዳረስ!" ብላ በበሩ ቀዳዳ ጮኸችና ሄደች።

ይዳረስ! ምን ብዬ ላድርስ? የምሳ ዕቃውን መሀል ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። የጉልባኑ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ጾም ውሏል፣ ሁሉም ርቦታል። አንድም እጅ አልተዘረጋም። ያ ምግብ ከዚያው እንደቀረበ ቢመለስ፣ ከዚያች ቀን በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሆኜ እንደማልቆጠር አውቄዋለሁ። ከጣቢያው ወጥቼም ቢሆን ስሜ ይቀድመኛል፤ መርካቶ ወሬ አያድርባትም። "ያ ሸማ ተራ ያለው ጆሮ ጠቢ" እባላለሁ፣ ልጆቼም "የእሱ ልጆች" ይባላሉ።

በመጨረሻ ካቦ ተናገረ።

"መምህር፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል? እስቲ የይሁዳን ነገር ንገረን።"

ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። መምህሩ ለጥቂት ጊዜ አመነታ። መጽሐፍ ወደ ክፍሉ ማስገባት ስለተከለከለ ሁሉንም የሚነግረን በቃሉ ነበር። ቀና ብሎ ተቀመጠና ጀመረ። የእራቱን ነገር፣ የእግር ማጠቡን፣ "ከመካከላችሁ አንዱ" የተባለውን ተረከ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ላለማየት ሲል መሬት መሬት ያያል።

"ደቀ መዛሙርቱ ደነገጡ" አለ መምህሩ። "'እኔ እሆን? እኔ እሆን?' እያሉ ተራ በተራ ጠየቁ። ጌታ ስም አልጠራም። እንጀራውን ቆረሰ፣ ከወጡ አጠቀሰ፣ ከዚያ ይሁዳን አጎረሰው…"

እዚህ ላይ ቆመ።

ያን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሲነበብ የሰማሁት "ሰጠው" ተብሎ ነው። መስጠት እጅ ለእጅ ነው፤ ለማያውቁትም ይሰጣል። መምህሩ ግን መጽሐፍ ፊቱ አልነበረም፤ እናቱ ማዕድ ላይ ያደገ ሰው አፍ ላይ የሚመጣውን ቃል ተናገረ። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ በራስ እጅ ለሌላው ሲደረግ በእኛ አገር ሌላ ስም የለውም። ጠላት አይጎረስም። የሚጎረሰው ሙሽራ ነው፣ እንግዳ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ አኩርፎ ከማዕድ የሸሸ ሰው ነው።

"አጎረሰው" አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ።

"ከዚያስ?" አሉ ሀጂ። ታሪኩን ከልባቸው ይከታተሉ ነበር።

  መምህሩ ተነሣ፤ በሰው እግር መሀል እየተራመደ የምሳ ዕቃው ጋ ደረሰ፣ በርከክ አለ፣ ጉልባኑን በቀኝ እጁ ዘገነ። ወደ እኔ መጣ። እጁን ወደ አፌ አቀረበ።

አፌን ገጠምኩ።

ሰው ሁሉ አየን።  ያቺን ጉርሻ ሁለት ቀን ሙሉ ስመኛት የዋልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን በምን ስም እንደመጣችብኝ እያየሁ እንዴት አፌን ልክፈት?

"እንደ ይሁዳ ከሆነ የምታጎርሰኝ" አልኩት "አልበላም። ርቦኝ ልሙት።"

"አንተ ማን እንደሆንክ አላውቅም" አለ መምህሩ። እጁ እንደተዘረጋ ነው፤ ስንዴው በጣቶቹ መሀል እየሾለከ ይወድቃል። "እውነቱን እግዚአብሔር ይወቀው፤ እኔ አላየሁም። እኔ እንደ ጌታ ላድርግ አልኩ እንጂ አንተን እንደ ይሁዳ ሁን መች አልኩህ?"

 ማረጋገጫ እፈልግ ነበር፤ "አምንሃለሁ" እንዲለኝ እፈልግ ነበር። ያን አልሰጠኝም። ውሸት መናገር የማይችል ሰው ነበርና ያለውን ብቻ ይዞ መጣ። ዓይኑ ላይ እንባ ነበረ።

አፌን ከፈትኩ።

ጉልባን ለጉርሻ የተፈጠረ ምግብ አይደለም፤ ይቃማል እንጂ አይጎረስም። ግማሹ አፌ ገባ፣ ግማሹ በጺሜ ላይ ወርዶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። አንዱ ባቄላ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከጥግ የታፈነ ሳቅ መጣ፤ በሕማማት መሳቅ ነውር ስለሆነ ወዲያው ሳል ሆነ።

ያን ጊዜ ሀጂ ፎጣቸውን ገለጥ አድርገው ተነሡ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ። "በናንተም በኛም ያው ነው።" ጎንበስ ብለው ዘገኑ። አጠገቤ ሲደርሱ መጀመሪያ ግራ እጃቸው እጄን ፈልጎ ያዘው፣ እንደ ድሮው ጭምቅ አደረገው። "እኔ መቼም ሕማማት የለብኝም፤ ማክሰኞ እጄን ስለከለከልኩህ አላህ ይቅር ይበለኝ። በል ክፈት።"

ከሀጂ እጅ ስጎርስ ማልቀሴን ለመደበቅ አልሞከርኩም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ወደ ምሳ ዕቃው ቀረቡ። አንዳንዱ እኔን ሳያየኝ ዘገነ፣ አንዳንዱ አየት አድርጎኝ ዘገነ። ሁሉም ግን ቃመ።

ካቦ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ተኝቷል፣ ራስጌው ላይ ባዶው ቀዳዳ አለ። በእሱ አልተቀየምኩም። የሚስቱን ነገር ሳይሰማ የሚያድር ሰው ነው፤ እኔ ስሜ ነው የጠፋብኝ፣ እሱ የጠፋበት ከዚያ ይበልጣል። እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ወደ እሱ ሄድኩ። አጠገቡ ተንበረከክኩና ጠበቅሁ። "ብላ" አላልኩትም። "እኔ አይደለሁም" ብዬም አልደገምኩም። እጄ እስኪዝል ድረስ ያዝኩት።

ፊቱን አላዞረም። ቆይቶ ቆይቶ ግን እጁ ከጀርባው በኩል ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ መዳፉ ተከፈተ። ያን ትልቅ የሾፌር መዳፍ ሞላሁት። ጣቶቹ ተከደኑ፣ እጁ ወደ ፊት ተመለሰ፣ ሲያኝክ ሰማሁት።

በፋሲካ ማግስት ምግብ አመላላሾች ሴት ልጅ እንደተወለደችለት ለካቦ በሩ ላይ ነገሩት። ጮኾ አነባ፤ እናቲቱም ልጂቱም ደህና ናቸው። ስልኳ ያለችበትን ማን እንደጠቆመ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አሁን የሚታወቅም አይመስለኝም። እኔ ከተፈታሁ በኋላ መምህሩም፣ ሀጂም፣ ካቦም በየተራቸው ወጥተዋል። መምህሩ አንዳንዴ ለበዓል ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ሱቄ ይመጣል። ቡና እንጠጣለን፣ ስለ ልጆች እናወራለን፣ ያን ነገር አንስተነው አናውቅም። "አሁንስ አመንከኝ?" ብዬ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመልሷል።

ሳስበው አለመጠየቄ ይሻላል። ንጹሕ መሆኔ ያን ጊዜ ተረጋግጦ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተነሥተው ያጎርሱኝ ነበር፤ የሚገባኝን ነበር የምበላው። እኔ ግን ሳይታመንልኝ በላሁ። ስለ ጸጋ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ራጉኤል ደጅ ቆሜ ከጧት እስከ ቀትር የሰማሁም ቀን አለ። የገባኝ ግን ከአንድ እፍኝ ስንዴና ባቄላ ነው። አሁን ሱቄ ውስጥ ሰው ሲጠረጠር፣ "እገሌ እንዲህ አደረገ አሉ" ሲባል፣ እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለምሳ ግን እጠራዋለሁ። ጎረቤቶቼ የዋህ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

ያ ክፍል ይናፍቀኛል ብል ሰው እብድ ይለኛል። ባልዲው አይናፍቀኝም፤ ኮሪደሩም አይናፍቀኝም። ያ ማዕድ ግን ይናፍቀኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ምግብ በልቻለሁ፣ ሆቴልም ተጋብዣለሁ፣ ግን ያን ያህል የበላሁ አይመስለኝም። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ባለቤቴ ጉልባኑን ሱቅ ድረስ ታመጣልኛለች፤ በትልቁ ሳህን፣ ለጎረቤቱም ለተሸካሚውም። እኔ ገና አንድ እፍኝ ስቅም ዓይኔ ውሃ ሲሞላ ታየኛለች።

"ምን ሆነህ ነው?" ትለኛለች። "እስር ቤት ናፈቀህ እንዴ?"

አልመልስላትም። አፌ ሙሉ ነው።